የማያውቁትን አጫሽ ከቤትዎ ስለ ማሰናበት

ቤትዎ ውስጥ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው የለም። ባለቤትዎ አያጨሱም። ልጆቹ ገና ናቸው። እርስዎም ቢሆኑ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ቢያንስ ለቤተሰቡ እንደዚያ ብለዋል። ሆኖም ከሳሎኑ ጥግ፣ ከመጫወቻው ካርቶን ውስጥ፣ በቀን ሁለት ፓኮ የሚጨርስ ሰው ጠረን ይመጣል። ሰውየውን አያውቁትም። ምናልባት ሜሪላንድ ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ለፊት ያረጀ ጡረተኛ ነው፤ ምናልባትም በሕይወት የለም። ቢሆንም ትንሹ ልጅዎ በሚያኝካት ሰማያዊ የፕላስቲክ ጡብ ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል፤ ኪራይም አይከፍልም። የሕዝብ መገልገያ በሆኑ ዝግ ቦታዎች ማጨስን የከለከለው አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ስለ አሻንጉሊት የሚለው ነገር ስለሌለ፣ ደንብ አስከባሪ ጠርተው ማስወጣት አይችሉም። የቀረው መንገድ ይህ ምክር ነው።

አመጣጡን እንይ። ቨርጂኒያ ያሉት እትዬ ስሪፍት ስቶር የሚባል ያገለገለ ዕቃ መሸጫ ገብተው፣ አንድ ትልቅ ከረጢት ሙሉ ሌጎ በጥቂት ዶላር አገኙ። አዲሱ በሱቅ ዋጋ ስንት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው እትዬን አይወቅስም። ከረጢቱ 23 ኪሎ ከምትይዘው ሻንጣ ውስጥ በጫማና በጥርስ ሳሙና መካከል ተጠቅጥቆ፣ ዚፑ ተዘግቶ፣ ውቅያኖስ ተሻግሮ መጣ። ሻንጣው ሲከፈት አዲሱ ፒጃማ ሳይቀር የቡና ቤት አስተናጋጅ ዩኒፎርም ሸተተ። ማታ እትዬ ይደውላሉ፤ «ልጆቹ ወደዱት?» ይላሉ። የዚህ ጥያቄ መልስ አንድ ብቻ ነው፤ «እግዜር ይስጥልን እትዬ፣ እንቅልፍ አጥተናል!» ይበሉ። ውሸት አይደለም። ስለ ሽታው ግን ትንፍሽ እንዳይሉ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሻንጣው ወደ አክስትዎ ልጆች ቤት ይዞራል።

ሁለተኛው መግቢያ በር መጽሐፍ ነው። ከምናለሽ ተራ ወይም ክንዱ ላይ ቁልል ተሸክሞ ከሚዞር መጽሐፍ አዟሪ የገዙት አሮጌ ልብ ወለድ የመጣው፣ ጋዜጠኛው ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ፣ መምህሩ የፈተና ወረቀት ሲያርም፣ ሐኪሙ ሳይቀር በሽተኛ እያነጋገረ ከሚያጨስበት ዘመን ነው። ከሽፋኑ ጀርባ በሰማያዊ ቀለም «ለማልረሳህ ወዳጄ» ተብሎ ተጽፏል፤ መካከሉ ላይ ደግሞ ከፍም የተረፈች፣ ዳሯ ቡናማ የሆነ ቀዳዳ አለች። ከቀዳዳዋ አቀማመጥ እንደሚገመተው አንባቢው ያንቀላፋው ታሪኩ ሊጦፍ ሲል ነው። ደራሲው ይህን ባያዩት ይሻላል።

አሁን ወደ ሕክምናው ልንገባ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን እጅዎን ከዕጣኑ ላይ ያንሱ። እኛ ጭስን በጭስ የምናክም ሰዎች ነን። የወተት ዕቃ በወይራ እናጥናለን፤ ቡና ሲፈላ ዕጣን እናጨሳለን፤ አራስ እናጥናለን፤ እንግዳ ሊመጣ ሲል ሰንደል እንለኩሳለን። ለወተቱም ለእንግዳውም ይበል የሚያሰኝ ነው። የሲጋራ ሽታ የያዘውን አሻንጉሊት ሲያጥኑት ግን ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ይሆናል። አሮጌው ጭስ አይለቅም፤ አዲሱ ይደረብበታል። ውጤቱ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቆሞ የሚያጨስ ሰው ጠረን ነው። ሽቶ የሚረጩም አሉ። እነዚህ ያን ጡረተኛ ለሰርግ አለበሱት እንጂ አላስወጡትም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የሲጋራ ጭስ በኖ አይጠፋም፤ ባረፈበት ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ዕዳ ጥሎ ይሄዳል። አንዱ ኒኮቲን ነው። ሌላው ታር የሚባለው፣ ሬንጅ የመሰለ ዝልግልግ ቅባት ነው። ኒኮቲን ቤዝ ስለሆነ አቼቶ ሲያገኘው ወደ ጨውነት ይለወጥና በውኃ ይታጠባል። ታሩ ግን ውኃን ይንቃል፤ የሚፈራው ሳሙናን ነው። ስለዚህ በአቼቶ ብቻ የሚምሉም፣ በሳሙና ብቻ የሚምሉም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘው ነው የሚከራከሩት። ዕጣን ከሁለቱም ወገን የለበትም።

እዚህ ላይ ለአንድ አፍታ ቀልዱን ላቁም። እ.ኤ.አ. በ2010 በካሊፎርኒያ የሎረንስ በርክሌይ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች፣ በዕቃ ላይ የቀረ ኒኮቲን በአየር ውስጥ ካለ ናይትረስ አሲድ ጋር ሲገናኝ ካንሰር አምጪ የሆኑ ናይትሮሳሚኖችን እንደሚፈጥር አሳይተዋል። ናይትረስ አሲዱ ከመኪና ጭስና ከጋዝ ምድጃም ይመጣል። ወለል ላይ የሚድህ፣ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን ካለ፣ ማጠቡ የሽታ ጉዳይ ብቻ አይደለም። አለቀ፤ ወደ ሳፋው እንመለስ።

ሳፋ ያምጡ። የሌጎ ጡቦች እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ኤቢኤስ ከሚባል ፕላስቲክ የሚሠሩ ሲሆን፣ ኩባንያው ራሱ ከ40 ዲግሪ ሴልሺየስ በማይበልጥ ውኃ በእጅ እንዲታጠቡ ይመክራል። ስለዚህ የፈላ ውኃ ይቅር፤ ጡቡ ይጣመምና ከወንድሙ ጋር መግጠም እምቢ ይላል። ባትሪ ያለውን፣ ወረቀት የተለጠፈበትን፣ ድምፅ የሚያወጣውን ለብቻ ይለዩ፤ እነዚህ እርጥብ ጨርቅ እንጂ ጠበል አይፈልጉም። ሌላውን ለብ ባለ ውኃና ላርጎ ውስጥ ይዘፍዝፉት። ጥቂት ቆይተው ውኃውን ይዩ። ሻይ መስሏል። ይህን ሻይ ባለቤትዎን ጠርተው ያሳዩ፤ «ምንም አይሸትም፣ አንቺ ነሽ» ወይም «አንተ ነህ» የሚለው ክርክር የሚያበቃው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በአሮጌ ጥርስ ብሩሽ የጡቡን ሆድ ይፈግፍጉ። ላዩ ለስላሳ ስለሆነ ቶሎ ይለቃል፤ ቅባቱ የሚደበቀው ጡቡ ከጡብ ጋር በሚጋጠምበት ጎድጓዳ ውስጥ ነው። አለቅልቀው ትንሽ አቼቶ ያለበት ውኃ ውስጥ ያሳርፉት፤ ደግመው ያለቅልቁ፤ ወንፊት ላይ አጥልለው ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ያስጡት። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ አያስጡ። ጠጉር ያላት አሻንጉሊት ካለች ጠጉሯን በሻምፑ ይጠቡ፤ ጭስ እንደ ጠጉር የሚወደው ማረፊያ የለም።

ብዙ ሰው ታጥቦም ቢጫ ሆኖ የቀረውን ጡብ ይዞ ሲጨነቅ ይውላል። ቢጫ ሁሉ የሲጋራ አይደለም። ነጭ ኤቢኤስን ፀሐይ ብቻዋንም ቢጫ ታደርገዋለች። ካልሸተተ ይተዉት፤ ልጁ ግንብ ሲሠራበት «አሮጌ ግንብ ነው» ይለዋል።

በረኪና ጽዳት የጀመረውን ሁሉ የሚፈትን ጠርሙስ ነው። በረኪናና አቼቶ አንድ ሳፋ ውስጥ ሲገናኙ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው፤ ሳንባ ያቃጥላል። ሲጋራውን ለማባረር ብለው ከዚያ የባሰ አይጋብዙ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያውም ወደ ሳጥኑ ይመለስ፤ አሴቶን ኤቢኤስን ያሟሟል፤ ሽታው ከመጫወቻው ጋር አብሮ ይጠፋል።

መጽሐፉ ግን ሌላ ጉድ ነው። ወረቀት አይታጠብም። ሁለመናው ክርና ቀዳዳ ስለሆነ ጭሱን ላዩ ላይ አይሸከምም፤ ወደ ውስጥ ይጠጣዋል፤ የጠጣውንም የሚመልሰው በትንፋሽ፣ ቀስ እያለ ነው። መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ደግሞ ከሁሉ የሚከብደው ነው፤ ማሸጊያውን መፍታት። የዚያ ዘመን ሰው መጽሐፉን በጋዜጣ ሸፍኖ ነበር የሚይዘው። ለዓመታት ጭሱን በግንባር የተቀበለው ያ ጋዜጣ ስለሆነ መጽሐፉን ለማዳን እሱ መሄድ አለበት። ይህን ሲያደርጉ ታዲያ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፤ አያንብቡት። ይህ ምክር እንደማይሰማ አውቃለሁ። በጥንቃቄ ይፈቱታል፤ ጠርዙ ላይ የደረቀው ሙጫ ይሰነጠቃል፤ ውስጡ ላይ የ1970ዎቹ አዲስ ዘመን ነው፤ ወለሉ ላይ ተቀምጠው፣ ስለ አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ የወጣ የሥራ ማስታወቂያ፣ የትምህርት ደረጃውን፣ ደመወዙን፣ የሚያስፈልገውን ዋስ እስከ መጨረሻው ያነቡታል። ማመልከቻው መቼ እንደሚያበቃም ያያሉ። ለጥቂት ጊዜ ያመነታሉ። ከዚያ እጅዎ ሲጋራ ሲጋራ መሽተቱን ያስተውሉና ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ። ጋዜጣው አንጀትዎን ከበላው በስልክ ፎቶ አንስተውት ይጣሉት።

ቀጥሎ ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋ ትልቅ የፕላስቲክ ዕቃ ያዘጋጁ። መጽሐፉን ገጾቹ እንደ ማራገቢያ ተበታትነው በእግሩ ያቁሙት። ከጎኑ በሰፊ ሳህን ቤኪንግ ሶዳ፣ ወይም በስስ ጨርቅ የተቋጠረ ከሰል ያስቀምጡ። ፋብሪካ ውስጥ ቀዳዳው እንዲበዛ ተደርጎ የተዘጋጀው ከሰል እጅግ ይሻላል፤ የቡና ከሰልዎም ግን፣ ደካማ ቢሆን፣ ሥራ አይፈታም። ከሰሉ እንዳይቀጣጠል። ይህን የምጽፈው አንባቢን ንቄ አይደለም፤ «ከሰልና መጽሐፍ በአንድ ሳጥን» ሲባል እጁ ወደ ክብሪት የሚሄድ ሰው በየሰፈሩ አለ። ሶዳውም ከሰሉም ገጹን አይንካ፤ ሶዳ ገጽ መሐል ከገባ ገጽ በተገለጠ ቁጥር ሲንኮሻኮሽ ይኖራል። ክዳኑን ይግጠሙና ይርሱት። በየጥቂት ቀኑ ገጾቹን አዟዙረው ይበትኑ፤ ሶዳውን ይለውጡ። ነገሩ የሚፈልገው ሳምንታትን ነው፤ ለባሰበት መጽሐፍ ወራትን። በአንድ ሌሊት ይለቃል የሚልዎት ሰው የሚሸጥልዎ ነገር አለው።

ፍሪጅ ውስጥ የሚከቱትም ተስፋ ይቁረጡ፤ ብርቱ ቅዝቃዜ ብልን ይገድላል እንጂ ጭስን አይነካም፤ በማግሥቱ ቅቤው ስለ ደርግ ዘመን ልብ ወለድ ማውራት ይጀምራል። ፀሐይ ላይ ማዋልም ወረቀቱን ያገረጣል፤ ያደርቀዋል። ሽፋኑ ላስቲክ የተለበጠ ከሆነ ብቻ በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ ጠረግ ያድርጉት፤ ቁርጥራጭ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤና በእጅ የተጻፈ ነገር ካለ ግን ውኃ በዐይኑም አይየው።

ወቅት መምረጥም የጥበብ መጀመሪያ ነው። በሐምሌና በነሐሴ አይሞክሩት። ክረምት መጽሐፍ የሚያናፍስ ሰው ሲጋራን በሻጋታ ነው የሚለውጠው፤ ሻጋታን ከወረቀት ማስለቀቅ ደግሞ ከዚህ ምክር አቅም በላይ ነው። ጥቅምት ጥሩ ነው፤ ኅዳርም ጥሩ ነው፤ ኅዳር 12 ቀን ግን የአዲስ አበባ ነዋሪ ከሆኑ መስኮትዎን ይዝጉ። ኅዳር ሲታጠን ነው። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ወረርሽኝ ከተማዋን ካረገፈ ወዲህ፣ በየዓመቱ በዚያ ቀን ቆሻሻ ይቃጠላል፤ ሰፈሩ ሁሉ በጭስ ይታፈናል። ለሳምንታት በሶዳ ሲያባብሉት የከረሙትን መጽሐፍ በዚያ ቀን በረንዳ ላይ ከዘረጉት፣ ያ ጡረተኛ ሄዶ መላው ቀበሌ ይገባልዎታል።

መዳኑን ማን ይፈርዳል? እርስዎ አይደሉም። አፍንጫ አብሮት የቆየውን ሽታ መቁጠር ያቆማል። ጎረቤት ይጥሩ፤ በተለይ ቤትዎ ሲገባ ሁልጊዜ አንድ እንከን የማያጣውን። ቡና ከመፈላቱ በፊት ይምጣ፤ ከቆሎው በኋላ ምስክርነቱ አያስተማምንም። ምንም ሳይነግሩት መጽሐፉን ይስጡትና ይጠብቁ። ገልጦ ስለ ዋጋው ከጠየቀዎ ድኗል። አፍንጫውን ጨምደድ አድርጎ «ማን ነው እዚህ ቤት...» ብሎ ከጀመረ መጽሐፉ ወደ ሳጥኑ ይመለሳል።

በነገራችን ላይ ሻንጣው ሲመለስ ፍርዱ ይገለበጣል። ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ የሚሄደው መጽሐፍ በበርበሬና በሽሮ መካከል ተጉዞ ሲደርስ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው በርበሬ በርበሬ ይሸታል። ሶዳ የሚያስቀምጥለት ሰው ግን አላየሁም። ደረታቸው ላይ አስጠግተው «የአገሬ ሽታ» እያሉ ያለቅሳሉ። አጫሹ ጡረተኛም የሚወደው ልጅ ቢኖረው፣ የእኛ ጡብ ላይ ያለው ሽታ ለእሱ የአባቱ ነው። ይህን ካሰብኩ በኋላ እንኳ ግን ይታጠብ ባይ ነኝ።

ሁሉን ሞክረው ካልለቀቀ፣ በገበያ የሚገኝ መጽሐፍ ከሆነ ሌላ ይግዙ። የማይገኝ ከሆነ በዚያው ሽታው በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያንብቡት።

ውጭ አገር ላላችሁ እትዬዎችና ጋሼዎች አንዲት ልመና አለችን። ስሪፍት ስቶር ውስጥ ከመክፈላችሁ በፊት ከረጢቱን ከፈት አድርጋችሁ አንዴ አሽትቱልን። ሲጋራ ከሸተተ እዚያው ይቅር፤ በቦታው ጫማ ጨምሩበት፤ የልጆቹን ቁጥር በቴሌግራም እንልካለን።