ሐተታ በእንተ ሀገረ ጀርመን እንተ ተሰቅለት በኡራኤል

እነሆ፣ ሊቃውንት ቸል ያሉትን ጉዳይ እንመርምር። ኡራኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ቁርስ ቤት፣ ከበሩ አጠገብ፣ የአንዲት ትንሽ የጀርመን ከተማ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ቀይ ጣሪያ፣ ሹል ግንብ፣ ወንዝ፣ ወንዙ ውስጥም ያው ቀይ ጣሪያ ተዘቅዝቆ። በውኃ ቀለም የተሣለ ነው፤ አሣሣሉም እነ ሞኔ በ1874 (እ.ኤ.አ.) ፓሪስ ላይ ለሕዝብ ባሳዩትና ጋዜጠኛው ሉዊ ለሯ በተሳለቀበት መንገድ፣ ቅርጹን ትቶ ብርሃኑን መያዝ ነው። (የተሰቀለው ቅጂ ነው። ይህ ምርምራችንን አያናጋውም።)

ቀዳሚው ጥያቄ፦ ሥዕሉ የማን ነው? የእኛ ነው። የውኃ ቀለም ዱቄት ወረቀት ላይ የሚጣበቀው በግራር ሙጫ ነው፤ ያ ግራር ደግሞ ከሱዳን እስከ እኛ ቆላ ይበቅላል እንጂ ባቫሪያ ውስጥ አይታወቅም። ስለዚህ ጀርመን ወረቀቱ ላይ የቆመችው በአፍሪካ ሙጫ ነው። ተቃዋሚ ካለ የራይን ዳር ግራሩን ያሳየን።

ሁለተኛው ይከብዳል፦ ከተማዋ ጻድቅ ናት ወይስ ኃጥእ? በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ሰይጣንና ከሓዲ በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ቤቶቹን በዚሁ ብንመዝናቸው፣ ዳቦ ቤት የሚመስለው በሁለት መስኮት ያየናል፤ ጸድቋል። ማዘጋጃ ቤቱ ግን በጎኑ ቆሞ በአንድ መስኮት ያጮልቃል። የአዲስ አበባ አንባቢ በዚህ ላይ ተጨማሪ ማስረጃ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

ታዲያ ከተማዋ እዚህ እንዴት ደረሰች? በሠዓሊ አልመጣችም። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከ1957 እስከ 1961 (እ.ኤ.አ.) ኮሎኝ ተምሮ ሲመለስ ያመጣልን ረቂቅ ሥዕልን ነው፤ ቀዩን ጣሪያ ለቁርስ ቤቶች ተወላቸው። አንዳንድ ወገኖች «ለውበት ነው የተሰቀለው» ይላሉ። አስተናጋጇን ጠየቅናት።

«ጋሼ፣ ቆጣሪውን እንዲሸፍን ነው» አለች።

ስለ ሥዕል ጥቅም ብዙ ጥራዝ ተጽፏል፤ ይህን ያህል የጠራ አላነበብንም። እውነትም የመብራቱ ሂሳብ ሲያልቅ ባለቤቱ ወንበር ላይ ይወጣል፤ ባንድ እጁ ጀርመንን ወደ ጎን ገፋ አድርጎ በሌላው ካርዱን ያስገባል። በዚህ ጊዜ መላው ከተማ ከነማዘጋጃ ቤቱ ወደ ግራ ያዘነብላል። ወንዙ አለመፍሰሱም የውኃ ቀለሙ በሚገባ ስለመድረቁ በቂ ማስረጃ ነው።