ሰውን የረሱት ዓሦች

አኳሪየም የባሕርና የወንዝ እንስሳትን በመስታወት ገንዳ አኑሮ ለሕዝብ የሚያሳይ ተቋም ነው። ከሌሎች የመዝናኛ ቤቶች የሚለየው በሩ ቢዘጋም ሥራው የማይዘጋ በመሆኑ ነው። ሲኒማ ቤት ሲዘጋ መብራቱን አጥፍቶ፣ ወንበሩን ለአቧራ አስረክቦ ይቀመጣል። ሙዚየም ሲዘጋ ሐውልቱ ቁርስ አይጠይቅም። አኳሪየም ግን ትኬት ሻጩ ቤቱ ቢውልም ዓሣው ይበላል፣ ውሃው ይጣራል፣ ሙቀቱ ይለካል፣ ጨው ይመጠናል፤ ፓምፑም ሌት ተቀን ያጓራል። የአማርኛ ተረት ዓሣን ሲያነሳ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይኑ ድስቱ ላይ ነው፤ "ዓሣን መብላት በብልሃት" የሚለው ለዚህ ይጠቀሳል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮቪድ ምክንያት የዓለም አኳሪየሞች ሲዘጉ ግን ዓሣን ያለ ጎብኚ ገንዘብ መቀለብ ከመብላቱ የበለጠ ብልሃት እንደሚጠይቅ ታየ።

ችግሩ ሁለት ነበር። አንደኛው የገንዘብ ነው፤ የትኬት ገቢ ሲቆም ወጪው ባለበት ስለቀጠለ፣ ሠራተኛ እስከ መቀነስ የደረሱ ተቋማት ነበሩ። ሁለተኛው የመረሳት ስጋት ነው። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃልና፣ ቤቱ የተዘጋበት ሕዝብ አኳሪየም የሚባል ነገር መኖሩን እንዳይረሳ በየሳምንቱ ማስታወስ ያስፈልጋል። ስለዚህ ተቋማቱ እንስሶቻቸውን በስልክና በኮምፒዩተር መስኮት ወደ ሰው ቤት ይልኩ ጀመር። ሰው ከቤቱ መውጣት ሲከለከል እንስሳው በምትኩ ወጥቶ ተዘዋወረ።

የዚህ ዓይነቱ ጉብኝት አውራ የቺካጎው ሼድ አኳሪየም ነው። በሚቺጋን ሐይቅ ዳር የቆመውና በ1930 የተከፈተው ይህ ቤት በማርች 2020 አጋማሽ፣ ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የኮቪድ ታማሚ ባስታወቀችበት ሳምንት፣ ደጁን ዘጋ። ብዙም ሳይቆይ ዌሊንግተን የተባለ ፔንግዊን በባዶው አዳራሽ ሲዘዋወር የሚያሳይ ቪዲዮ ለቀቀ። ዌሊንግተን ሮክሆፐር ከሚባለው ወገን ነው። ዓይኑ የቀላ፣ ከቅንድቡ ላይ ቢጫ ላባ ወደ ጎን የተንጨባረረ፣ ቁመቱ ከአዋቂ ሰው ጉልበት እምብዛም የማያልፍ ወፍ ነው። ክንፉን እንደ ካባ ጥሎ፣ ቀስ እያለ፣ በየመስታወቱ ፊት እየቆመ አንገቱን ዘንበል ሲያደርግ፣ የርስቱን ድንበር ለማየት የወጣ ባላባት እንጂ ለአንድ ቀን የተለቀቀ ወፍ አይመስልም ነበር።

ዌሊንግተን ብዙ ጊዜ የቆመው የአማዞን ወንዝ ዓሦች በሚታዩበት ክፍል ነው። እዚያ ሲልቨር ዶላር የሚባሉ፣ ሳንቲም የመሰሉ ክብና ጠፍጣፋ የደቡብ አሜሪካ ዓሦች አሉ። ፔንግዊኑ ዓሦቹን አየ፤ ዓሦቹም ጠጋ ብለው ፔንግዊኑን አዩት። ዶላር በገዛ ፈቃዱ ወደ ተመልካቹ ሲቀርብ ማየት ለብዙ ሰው ያልተሰጠ ዕድል ነው። ፔንግዊን ዓሣ በል መሆኑ ሲታሰብ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ሰው በቪዲዮው የተመለከተው ልብ የሚነካ የእንስሳት ትውውቅ ሲሆን፣ ዌሊንግተን ግን በሥጋ ቤት መስኮት ፊት እንደቆመ ጾመኛ ሊሆን ይችላል።

ከእሱ ሌላ ኤድዋርድና አኒ የተባሉ ጥንዶች በአዳራሹ ተንሸራሽረዋል። እነዚህ በቃሉ ሙሉ ትርጉም ጎጆ ሊወጡ የተቃረቡ ነበሩ፤ የመራቢያ ወቅት ደርሶ ጠጠር ለቅመው ጎጆ ከመሥራታቸው በፊት ቤቱን ዞረው አዩ። ተንከባካቢዎቹ ከአጠገባቸው አልራቁም። እንዲህ ያለው ሽርሽር ለቪዲዮ ሲባል ብቻ የሚደረግ አይደለም። በሰው እጅ የሚኖር እንስሳ አዲስ ነገር ካላየ፣ አዲስ ድምፅ ካልሰማ ይደነዝዛል፤ ስለዚህ ተንከባካቢው ቀኑን የሚለውጥበት ዘዴ መፈለግ የዘወትር ግዴታው ነው። በመደበኛው ጊዜ አዳራሹ በሰው ስለሚጨናነቅ ፔንግዊን ሊራመድበት አይችልም። ወረርሽኙ ለሰው የነፈገውን መንሸራሸሪያ ለወፎቹ ሰጣቸው።

የሼድ ፔንግዊኖች በግቢያቸው አልተወሰኑም። ሁለት የማጌላን ፔንግዊኖች ጎረቤት ወደሆነው ፊልድ ሙዚየም ተወስደው፣ ሱ የሚል ስም የተሰጠውን የቲራኖሳውረስ ሬክስ አጽም ጎበኙ። አጽሙ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ዕድሜው 67 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ወፎች ከዳይኖሰሮች የተገኙ መሆናቸውን ሳይንስ ስለሚያስተምር ጉዞው የዘመድ ጥየቃ ሊባል ይችላል፤ ጠያቂው ዘግይቶ ከመድረሱ በቀር።

በካንሳስ ሲቲ ደግሞ ከከተማይቱ የእንስሳት ማቆያ የመጡ ሦስት የሐምቦልት ፔንግዊኖች በሜይ 2020 ኔልሰን አትኪንስ ወደተባለው የሥነ ጥበብ ሙዚየም ገቡ። የሐምቦልት ፔንግዊን አገሩ የፔሩና የቺሌ ጠረፍ በመሆኑ፣ በሜክሲኮ ያደጉት የሙዚየሙ ዳይሬክተር እንግዶቹን በስፓኒሽ አነጋገሯቸው። እንደ እሳቸው ምስክርነት ፔንግዊኖቹ ከሞኔ ሥዕሎች ይልቅ የካራቫጆን ወደዱ። ሞኔ በውሃ ሥዕሎቹ የታወቀ ሠዓሊ ሲሆን፣ በውሃ ወፎች ዘንድ ግን ያሰበውን ያህል አልተከበረም። ምናልባት ያን ሁሉ ውሃ ስሎ አንድ ዓሣ አለመጨመሩ ሳያስቀይማቸው አልቀረም።

ብዙ ሐበሻ በሚኖርባት አትላንታ የሚገኘው ጆርጂያ አኳሪየም የተለየ መንገድ መረጠ። የራሱን እንስሳት ከማውጣት ይልቅ ሌሎችን አስገባ። ከመጠለያ የመጡ ሁለት ቡችሎች በባዶዎቹ አዳራሾች ሮጡ፤ አፍንጫቸውን መስታወቱ ላይ አስደግፈው ዓሦቹን አፍጥጠው አዩ። የቪዲዮው ዓላማ ሁለት ነበር፤ ሕዝቡን ማሳቅና ለመጠለያው ውሾች አሳዳጊ ማግኘት። ዓሦቹ የዕለቱ ጎብኚዎች ጭራ ያላቸው መሆናቸውን ልብ ይበሉ አይበሉ አልተመዘገበም።

በካሊፎርኒያ የሚገኘው ሞንተሬይ ቤይ አኳሪየም ከሁሉም ዝምተኛውን ዘዴ ተጠቀመ። ገንዳዎቹ ላይ ካሜራ ተክሎ ቀጥታ ያሳይ ነበር፤ ማንም አይተውንም፣ ማንም አይሮጥም። አንዱ ካሜራ የባሕር ኦተሮች በጀርባቸው ተንሳፍፈው ሲዝናኑ ያሳያል፤ ሌላው በረጃጅም የባሕር አልጌዎች መካከል የሚያልፉ ዓሦችን፣ ሌላው ጄሊፊሾችን። ጄሊፊሽ አንጎል የለውም፣ ልብ የለውም፣ ደምም የለውም። ጃንጥላ በሚመስለው አካሉ ሲሰበሰብና ሲዘረጋ ይውላል። በጭንቀት እንቅልፍ ያጣ ሕዝብ ይህን እያየ ተረጋጋ፤ ተቋሙም ለስለስ ያለ ትረካ ጨምሮበት የተመስጦ ቪዲዮ አደረገው። የሚጨነቅበት አንጎል የሌለው እንስሳ፣ አንጎሉ ያስቸገረውን ፍጡር የማረጋጋት ሥራ ተሰጠው።

ሞንተሬይ ሌላም ነገር ይነገርለታል። በ1984 የተከፈተው ይህ አኳሪየም የተሠራው ቀድሞ ሰርዲን በቆርቆሮ ይታሸግበት በነበረ ፋብሪካ ቦታ ነው። ያ ሰፈር ዓሣ እያሸገ ለሰው የሚልክ ነበር። በወረርሽኙ ጊዜ ታሽጎ የተቀመጠው ሰው ሆነ፤ ዓሣው ከነሕይወቱ በየሰው ቤት መስኮት ገባ። ቤቱ ለሕዝብ ዳግም የተከፈተው በሜይ 2021፣ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው።

እስካሁን የተቆጠሩት ሁሉ እንስሳ ለሰው የቀረበባቸው ናቸው። ቶኪዮ ውስጥ ግን ነገሩ ተገለበጠ። በቶኪዮ ስካይትሪ ማማ ግርጌ ያለው ሱሚዳ አኳሪየም ከማርች 1 ቀን 2020 ጀምሮ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ከሚኖሩት መካከል 300 ያህል ቺን አናጎዎች ይገኛሉ። ቺን አናጎ እርሳስ የመሰለ ቀጭን፣ ነጭ መደብ ላይ ጥቁር ነጥብ የተረጨበት ዓሣ ነው። ስሙ የመጣው ፊቱ ቺን ከተባለችው ባለ አጭር አፍንጫ የጃፓን ውሻ ጋር ስለሚመሳሰል ነው። ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ ባይተዋርም አይደለም፤ ከቀይ ባሕርና ከምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ጀምሮ እስከ ፓሲፊክ ይኖራል። ሳይንሳዊ የዝርያ ስሙም ለኦስትሪያዊው ጠላቂ ለሐንስ ሐስ መታሰቢያ የተሰጠ ነው።

ይህ ዓሣ ቤቱን ከማይለቁ ፍጥረታት አንዱ ነው። በጭራው አሸዋ ይቆፍራል፤ ከጭራው በሚወጣ ልጋግ የጉድጓዱን ግድግዳ እንዳይናድ ይለስነዋል። ከዚያም ግማሽ አካሉን ከጉድጓዱ አውጥቶ፣ ፊቱን ወደ ውሃው ፍሰት አዙሮ፣ ፍሰቱ ይዞለት የሚመጣውን ደቃቅ ነፍሳት ይለቅማል። ሰርቶ አደሩ ዓለም ምግብ ፍለጋ ሲባዝን እሱ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ብዙ ሆነው ሲቆሙ ነፋስ የሚያወዛውዘው የጤፍ ማሳ ይመስላሉ። አንድ የሚያሰጋ ጥላ ሲያዩ ግን ሁሉም ባንዴ ይሰምጣሉ፤ ማሳው ጠፍቶ ባዶ አሸዋ ብቻ ይቀራል።

አኳሪየም ውስጥ ይህ ባሕርይ ይለዝባል። በየቀኑ ሺህ ፊት በመስታወቱ በኩል እያለፈ ማንም ሳይነካቸው ሲቀር፣ ቺን አናጎዎቹ ሰው አደጋ እንዳልሆነ ይማራሉ። ከጊዜ በኋላ ሕፃን ቢጮህ፣ ካሜራ ቢደቀን ንቅንቅ አይሉም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም እንደሚባለው፣ እነሱም ጎብኚውን በደንብ ስለናቁት ነው ተዝናንተው የሚወጡት። ነገር ግን መናቅም ልምምድ ይፈልጋል። ጎብኚ ጠፍቶ ሳምንታት ሲያልፉ ዓሦቹ ሰው የሚባለውን ረሱት። ተንከባካቢው ገንዳው አጠገብ ባለፈ ቁጥር ይሰምጡ ጀመር።

ይህ የሚያስቅ ቢመስልም ለሠራተኞቹ እውነተኛ ችግር ነበር። አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ዓሣ ታሞ ይሁን ደኅና፣ ከስቶ ይሁን ወፍሮ ማወቅ አይቻልም። ሐኪም በመጣ ቁጥር አልጋ ሥር የሚገባ በሽተኛ እንደማለት ነው፤ ያውም 300።

መፍትሔው የተገኘው በጃፓን የበዓል ሳምንት፣ ከሜይ 3 እስከ 5 ነው። ሠራተኞቹ በገንዳው ፊት አምስት ታብሌቶች አቆሙና ለሕዝቡ ጥሪ አደረጉ፤ አይፎን ወይም አይፓድ ያለው ሁሉ ፌስታይም በተባለው የቪዲዮ ጥሪ ደውሎ ፊቱን ለዓሦቹ ያሳይላቸው ዘንድ። ደዋዮች እጃቸውን እንዲያወዛውዙና እንዲያነጋግሯቸው ተፈቀደ። ዓሦቹ ዓይን አፋር ስለሆኑ ግን ድምፅ ከፍ እንዳያደርጉ ተለመኑ። ስለዚህ በዚያ በዓል አዋቂ ሰው፣ ምናልባትም የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ ሳሎኑ ውስጥ ተቀምጦ በሹክሹክታ ለዓሣ ሰላምታ ሲያቀርብ ቤተሰቡ አየው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጸበል ውሰዱት ይባል ነበር፤ በ2020 ግን የበጎ አድራጎት ሥራ ተብሎ ተመሰገነ።

ከሁሉም አስተማሪ የሆነው የተጠየቀው ነገር ዓይነት ነው። አኳሪየሙ ሕዝቡን ዓሦቹን እንዲያይ አልጠራውም፤ እንዲታይ ጠራው። ፊት ማሳየት በመደበኛው ጊዜ ጎብኚው ትኬት ከፍሎ፣ ሳያውቅ የሚሰጠው አገልግሎት ነበር። ገንዳው ፊት ተደርድሮ ሲያዛጋ፣ ልጁን ሲቆጣ፣ ብስኩት ሲበላ፣ ዓሦቹን ከሰው ጋር እያላመደ ነበር። ጎብኚ ለቺን አናጎ ያለው ጥቅም የሚያሰለች መሆኑ ነው፤ ይህን ሥራም ያለ ሥልጠና በሚገባ ሲወጣው ኖሯል።

ይህ ማለት ግን ሁሉም እንስሳ የሰው ፊት ይናፍቀዋል ማለት አይደለም። በሆንግ ኮንግ፣ አኳሪየምም ባለው ኦሽን ፓርክ፣ ዪንግ ዪንግና ለ ለ የተባሉ ፓንዳዎች ከ2007 ጀምሮ አብረው ይኖሩ ነበር። ከ2010 አንስቶ እንዲራቡ ቢሞከርም በተፈጥሮ ሳይገናኙ አሥር ዓመት አለፈ። ፓርኩ ተዘግቶ ሳለ፣ በአፕሪል 6 ቀን 2020፣ ተገናኙ። ዓለም "ገለልታ ነበር የጎደላቸው" ብሎ ሳቀ። ገለልታው ብዙ አልዘለቀም፤ ተቋሙ የምሥራቹን ከነፎቶው ለዓለም በተነው። የሳቀው ዓለምም ፍርዱን ትንሽ ማቆየት ነበረበት፤ በዚያ ዓመት ግልገል አልተወለደም። ዪንግ ዪንግ መንታ የወለደችው በኦገስት 2024፣ ፓርኩ ተከፍቶ ጎብኚ በሚመላለስበት ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ፍርድ እንዲህ ነው። ፔንግዊን ባዶ አዳራሽ ይጠቀምበታል፤ ጄሊፊሽ ጎብኚ መጣ ቀረ ግድ የለውም፤ ፓንዳ ሲፈልግ ነው። በአሸዋ ውስጥ ለሚኖረው ቀጭን ዓሣ ግን የሰው መመላለስ የኑሮው አካል ሆኗል። ስለዚህ አንባቢ ከእንዲህ ዓይነቱ ገንዳ ፊት ለመቆም ዕድል ቢገጥመው መስታወቱን አያንኳኳ፣ ፍላሽ አያብራ፣ ዓሦቹ ሰምጠው ቢያገኛቸውም ተናድዶ አይሂድ። ጥቂት ደቂቃ ዝም ብሎ ይቁም። በመጀመሪያ አንዱ ራሱን ብቅ ያደርጋል፣ ከዚያ ሌላው። ሁሉም ወጥተው ፊታቸውን ወደ ውሃው ፍሰት ካዞሩና እሱን ከቁብ ካልቆጠሩት፣ ተዋውቀዋል ማለት ነው።