ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?

ስብሰባው አዋሽ ሰባት ኪሎ ይሁን የተባለው «መሃል መንገድ ስለሆነ» ነው። ቁጥሩን እዩልኝ፤ ከአዲስ አበባ ለሚመጡት 220 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሰመራ ለምንነሳው ግን ከ350 በላይ። መሃሉን የለካው አዲስ አበባ የተቀመጠው አለቃችን ነው። ቅሬታ ካለን «በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ አንሱት» ተባልን።

ስድስት ነን። የጭነት መኪና ሾፌሮችን ከጭነት ጋር የሚያገናኝ መተግበሪያ ሠርተን በጅቡቲ መስመር እንፍጨረጨራለን። ስድስት ብንሆንም የስድሳ ሰው ያህል እንሰበሰባለን። ሰኞ ዕቅድ፣ ረቡዕ የዕቅዱ ግምገማ፣ ዓርብ ደግሞ «ስብሰባ እንዴት እናሳጥር» የሚል ስብሰባ። አንዱ ይናገራል፤ ቀጣዩ «የቀደመውን ሐሳብ ለማጠናከር ያህል» ብሎ ያንኑ ይደግመዋል፤ ሦስተኛው ማጠናከሪያውን ያጠናክራል። ቆመን ብንሰበሰብ ቶሎ ያልቃል ተብሎ ነበር፤ በሰመራ ሙቀት አንድ ሰዓት ቆመን አየነውና ወንበሩን መለስነው። እውነቱን ልናገርና፣ የሚረባ ውሳኔ ያሳለፍነው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ኤሲው ዝም ሲል ሁሉም ይስማማል።

ሦስት ሳምንት የተንከባለለብን አጀንዳ አንድ ነው፤ ሾፌሮቹ መተግበሪያውን ጭነው ለምን አይጠቀሙበትም? አንዷ «ቀለሙ ነው» አለች። አንዱ ማስታወቂያ ጠየቀ። አለቃችን «የአመለካከት ችግር» ብሎ ደመደመ። አዋሽ ወንዝ ከጊንጪ አካባቢ ተነስቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል፤ እኛ እዚያም አልደረስንም።

ወደ ስብሰባው ስንሄድ ሚሌን አልፈን፣ ገዋኔ ልንደርስ የአየሉ ተራራ ብቅ ሲል፣ ሾፌራችን መኪናውን ዳር አስያዙ። አፋር ናቸው፤ የአባቶቻችን እኩያ። አንድ ግመል ነጂ ሰውዬ መንገድ ዳር ቆመዋል።

«ጋሼ፣ ረፈደብን እኮ!»

«ዳጉ ነው» ብለው ወረዱ።

ስለ ዳጉ ያልሰማ የለም፤ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው። በቅርብ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው። ግራር ጥላ ሥር ቁጭ አሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፤ «እህ» እያለ ይቀበላል። ሲጨርስ ይጠይቃል፦ ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው? ከሰማኸውስ ከማን? በዳጉ መዋሸት ያስጠይቃልና «ይመስለኛል» እያለ የሚያራዝም የለም። ማንም ማንንም አላጠናከረም።

አሥራ ሁለት ደቂቃ ፈጀ፤ ሰዓት ይዤ ነበር። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ሣር የት እንዳለ፣ የማን ግመል እንደጠፋ አለቀ።

«የእናንተም ነገር ተነስቷል» አሉ ሾፌራችን ሞተር እያስነሱ። «ሾፌሩ እየነዳ መጻፍ አይችልም፤ ሲቆም ደግሞ ኢንተርኔት የለም። በስልክ ደውሎ የሚሰማው ቢሆን ይሻለዋል።»

«ይህን አይተውታል ወይስ ሰምተውታል?» አልኩ፣ ብልጥ ለመሆን።

«እኔ ከሰውዬው ሰማሁ። ሰውዬው ከወንድማቸው ልጅ ሰሙ። ልጁ የተሳቢ ረዳት ነው፤ እሱ በዓይኑ አይቷል።»

አዋሽ ደረስን። አለቃችን ላፕቶፑን ከፍቶ «የሾፌሮቹ አመለካከት…» ብሎ ሲጀምር፣ «ያየኸው ነው ወይስ የሰማኸው?» አልኩት። ዝም አለ። እኔም የሚቀጥለውን ጥያቄ ፈራሁ፤ ከስድስታችን አንድም ሰው የጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም ነበር።

ሾፌሩ ደውሎ ጭነቱን በድምፅ ይስማ የሚለው ውሳኔ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ አለፈ። በማግሥቱ ከስድስታችን ሁለታችን በተሳቢ ወደ ሚሌ እንድንመለስም ተወሰነ።

በልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ የሰመራዎቹ የርቀት ቅሬታ ተነስቶ፣ በጥልቀት ውይይት ተደርጎበት፣ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል። ቀጣዩ ስብሰባ አዳማ ነው።