ፎርማት ይደረግ!

የፎርማት ሊቃውንትን ሳላመሰግን ብሞት ይቆጨኛል። ሰው ሃርድ ዲስኩን ሊኑክስ ላይ ሰክቶ «አልከፈት አለኝ» ሲላቸው፣ ገመዱን እንኳ ሳይነኩ «ፎርማት ይደረግ» ይላሉ። በሽተኛው ገና ካርድ ሳያወጣ የሬሳ ሣጥኑ ታዟል።

ማስረጃ የላቸውም አይባልም። የሊኑክስ እምብርት የሆነው ከርነል ዲስኩን ማውንት አላደርግም (አልከፍትም) ሲል ብዙውን ጊዜ የሚመልሰው አንድ ቁጥር ነው፦ 22፤ «የሰጠኸኝ ነገር ልክ አይደለም» ለማለት። የማውንት ትዕዛዝ ደግሞ ይህን ለባለቤቱ ሲያብራራ የፋይል ሲስተሙ ዓይነት ተሳስቷል፣ ወይም አማራጩ ልክ አይደለም፣ ወይም ሱፐርብሎኩ (የፋይል ሲስተሙ ዋና መግለጫ) ተበላሽቷል፣ ወይም ኮድፔጅ አለዚያም ረዳት ፕሮግራም የለም፣ ወይም ሌላ ስህተት ነው ይላል። ሊቁ ከዚህ ሁሉ መርጦ የሚያነባት «ተበላሽቷል»ን ብቻ ነው።

የፎርማት በረከቱ ብዙ ነው። ቫይረስ ይጠፋል። ቦታ ይለቀቃል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ለትዳር የሚሰጠው አገልግሎት ነው። የሠርጉ ቪዲዮ ዲስኩ ላይ ነበረ እንበል። ቪዲዮው ከጠፋ ሠርጉ መደረጉን በምን ያስረዳሉ? ስለዚህ ሽማግሌ እንደገና ይላካል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ጠጅ ይጣላል፣ በሬ ይወድቃል። ዱባይ የሄደው ሚዜ ቲኬት ቆርጦ ይመጣል። በመጀመሪያው ሠርግ ወንበር አጥተው የተቀየሙት አጎት አሁንም ወንበር አጥተው ቅያሜያቸውን ያድሳሉ። አበባ የሚይዝ ሕፃን ፍለጋ የሰው ደጅ መጥናት ቀርቷል፤ የሙሽሮቹ የራሳቸው ልጆች ደርሰዋል። መልሱም ቅልቅሉም አልፎ ቪዲዮው ይረከባል፣ እዚያው ዲስክ ላይ ይጫናል፤ ሙሽራው ዊንዶውስ ላይ አይቶ ሲጨርስ ገመዱን መንጭቆ ይነቅላል። ማውንት እምቢ ይላል። ሊቁ ይጠራል። ለሦስተኛ ጊዜ የመጡትን ሽማግሌዎች የሙሽራዋ አባት «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ንግግሩን እኔው እላላችኋለሁ» ብለው ይቀበላሉ።

ዲስኩ እኮ ደህና ነው! በአግባቡ ሳይዘጋ ተነቅሎ ነው። ከሊኑክስ 5.15 (እ.ኤ.አ. 2021) ጀምሮ ከርነሉ ውስጥ ያለው፣ የዊንዶውስን ኤንቲኤፍኤስ ዲስኮች የሚከፍተው ኤንቲኤፍኤስ3 የሚባለው ድራይቨር እንዲህ ያለውን ዲስክ ለማንበብ ብቻ ወይም በግድ ክፈት ካልተባለ አይከፍትም፤ ፋይሉን እንዳያበላሽ ብሎ ነው። ምክንያቱንም በአንድ መስመር የከርነሉ መዝገብ ላይ ይጽፋል። መድኃኒቱ ዊንዶውስ ላይ መልሶ ሰክቶ ቼክዲስክ ማስኬድና በወጉ ማስወጣት ነው። ዲስኩ ኢኤክስቲ4 በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ሲስተም የተዘጋጀ ቢሆንና ሱፐርብሎኩ እውነትም ቢበላሽ እንኳ፣ 4 ኪሎባይት ብሎክ ባለው ዲስክ ላይ ቅጂው አብዛኛውን ጊዜ ብሎክ 32768 ላይ ተቀምጧል። ይህን ሳያዩ የሰው ፋይል መደምሰስ ስንፍና ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

የከርነሉ ሰዎችም ንጹሐን አይደሉም። የእምቢታውን ምክንያት ለጠያቂው ፕሮግራም በጽሑፍ ለመመለስ የሚያስችለው አዲሱ የማውንት አሠራር የገባው እ.ኤ.አ. በ2019፣ በሊኑክስ 5.2 ነው። እስከዚያ ሁሉም በ22 ሲደናበር ኖሯል። ቢሆንም መዝገቡ ድሮም ነበረ፤ የቅርብ ጊዜው የማውንት ትዕዛዝማ ራሱ መዝገቡን የሚያሳየውን ትዕዛዝ ጠቅሶ «ዲሜሴጅን (dmesg) እይ» እያለ ይለምናል።

እባክህ ወንድሜ፣ ፎርማት ከማለትህ በፊት ዲሜሴጅ ብለህ ጻፍና የመጨረሻዎቹን መስመሮች አንብብ።