ክሊራንስ

አዲስ አበባ ውስጥ ደህና ሥራ ይዞ «ልለቅ ነው» የሚል ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ ዲቪ የደረሰውና ጸበል ሊወሰድ የሚገባው። እኔ ዲቪ አልደረሰኝም።

ባንክ ውስጥ የብድር ባለሙያ ነኝ። ሰው ሕልሙን በፋይል አሽጎ ሲያመጣልኝ ገልጬ አያለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜም በትሕትና እመልሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን የራሴ ልብ ወደ እንጨት ሥራ ሸፍቷል። ለብድር ግምገማ አንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ልጎበኝ ሄጄ፣ ማሽን መቁጠሬን ትቼ የዋንዛ ሳንቃ ሲላግ ቆሜ ሳይ ዋልኩ። ከዚያ ወዲያ ሰው ቤት ስጋበዝ ከወጡ በፊት የጠረጴዛውን መገጣጠሚያ ነው የምቀምሰው፤ በጣቴ።

የራሴንም ሐሳብ እንደ ማንኛውም ደንበኛ ፋይል ከፍቼ ገመገምኩት። የሥራ ልምድ፦ የለም። ማስያዣ፦ ቀድሞ የተያዘ። የገበያ ጥናት፦ «ሰው መቼም ሳይቀመጥ አይኖርም» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር። የገምጋሚ አስተያየት፦ አመልካቹ ያለ ምክንያት ፈገግ ይላል። ውሳኔ፦ ውድቅ። አመልካቹ ግን ቅር ሳይለው በማግስቱ ተመልሶ መጣ።

በሕጉ በኩል ሥራ መልቀቅ ቀላል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ 30 ቀን አስቀድሞ አስጠንቅቆ እንዲሰናበት ይፈቅዳል። ከዚያ ክሊራንስ አለ፤ ወረቀት ይዞ ከንብረት ክፍል ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ብድርና ቁጠባ ማኅበር እየተዞረ «ዕዳ የለበትም» ማስባል ነው። ይህም ይገፋል። የሚከብደው አዋጁ የማያውቀው ሌላኛው ክሊራንስ ነው። የእኛ አገር ደመወዝ የአክሲዮን ማኅበር ነውና ባለደመወዙ ቢበዛ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ባለአክሲዮኖቹ ሳይሰበሰቡ ማኅበሩ አይፈርስም።

መጀመሪያ ባለቤቴ ዘንድ ቀረብኩ። «አንተ ደስ ካለህ እኔም ደስ ይለኛል» አለችና ስልኳ ላይ ካልኩሌተር ከፈተች። ከዚያ በኋላ ስለ ደስታ የተነሣ ነገር የለም። ቤታችን የተገዛው በሠራተኛ ብድር ነው። ባንክ ለሠራተኛው የሚያበድረው በዝቅተኛ ወለድ ነው፤ ሠራተኛው ሲለቅ ወለዱ እንደ ማንኛውም ሰው ይሆናል። ወለዱን ደምራ ጨርሳ ወደ ጡረታ ዞረች። እስከ ዛሬ እኔ ከመቶ 7 ሳዋጣ አሠሪዬ 11 ይጨምርልኛል።

«እንጨት ሥራ ስትገባ 11ዱን ማን ይከፍልልሃል?»

«አሠሪዬ።»

«ማነው አሠሪህ?»

«እኔ።»

አሠሪዬን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ፊርማዋ ለጊዜው ዘገየ።

እማዬ ዘንድ የጠበቀኝ ሌላ ጣጣ ነው። እድር ላይ ስሟ «የባንክ ሠራተኛው እናት» ነው። ሠርግ ሲቀርብ፣ በዓል ሲደርስ የሰፈሩ ሰው ያረጀ ብሩን በፌስታል ቋጥሮ ወደ እሷ ይመጣል፤ እኔ በአዲስ እቀይርለታለሁ። ነገሩን በለዘበ ድምፅ፣ ዙሪያውን እየዞርኩ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «እሺ ልጄ፣ እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ለፋሲካ ለሰዉ አዲሱን ብር ከየት ላምጣለት?» አለች።

የከፋው የአባቴ እኅት ቤት ነበር። አክስቴ የቤተሰቡ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናት፤ ከእሷ ወዲያ ይግባኝ የለም።

«አናጢ?» አለች። «ከዲግሪ በኋላ አናጢ?»

«ጻድቁ ዮሴፍም እኮ አናጢ ነበር።»

«እሱ የባንክ ዕዳ ነበረበት?»

ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ ከመቶ ዓመት በላይ ተጉዞ አክስቴ ሳሎን ገና አልገባም። እንግዳ በመጣ ቁጥር የምታስጎበኘው ሶፋ ግን የባለእጅ ሥራ ነው። ይህን ባነሣባት «ሶፋው ሌላ፣ የወንድሜ ልጅ ሌላ!» ብላ ዘጋችው።

ታሪክ ልጥቀስላት ብዬ ተነሣሁ። ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እንግሊዝ አገር የተላኩት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ነበር፤ ሠዓሊ ሆነው ተመለሱ። ያኔ ጉድጓድ ወርደው ቢቀሩ የአፍሪካ አዳራሽ ባለቀለም መስታወት ዛሬ ተራ መስኮት በሆነ ነበር። ሙላቱ አስታጥቄም ብሪታንያ የሄዱት ምሕንድስና ሊያጠኑ ነው፤ ሙዚቃ ጠለፋቸውና የኢትዮ ጃዝ አባት ሆኑ። «አየሽ እትዬ፣ ሁለቱም ከምሕንድስና አምልጠው ነው ለዚህ የበቁት» አልኳት።

«አንተ ታዲያ መች መሐንዲስ ሆንክ?» አለችኝ። ቀጥላም፣ እነሱ ሲቀይሩ ገና ወጣቶች እንደነበሩና የእኔ ጉልበት ግን ደረጃ ስወጣ ከእሷ ሳሎን ድረስ እንደሚሰማ አስታወሰችኝ።

እንግዲያው ባንኩን ሳልለቅ ማታ ማታ ልሞክረው ብል፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለች። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በ1958 ዓ.ም. ለአንባቢ ያበቁት ዲፕሎማትና የመንግሥት ሹም በነበሩበት ዘመን ነው፤ ሁለት ዛፍ ወጥተው ከሁለቱም አልወደቁም። ይህን ልነግራት ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ብዕር ሌሊት ሲሠራ ጎረቤት አይቀሰቅስም። በኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ከምሽቱ አራት ሰዓት መላጊያ የሚያስነሣ ሰው ግን ልብ ወለዱ የሚያልቀው ፖሊስ ጣቢያ ነው።

አክስቴ ዋናውን ነገር ያወጣችው ቡና ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው። «የልጄስ ዋስትና?»

ለካ ክርክሩ ሁሉ ወዲህ ነበር። ልጇ አንድ ድርጅት ውስጥ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሲቀጠር ደመወዙ በደብዳቤ የሚረጋገጥ ዋስ አምጣ ተባለ፤ ዋሱ እኔ ነኝ። እኔ ስለቅ ባንኩ ለዚያ ድርጅት ይጽፋል፤ እሱም ሌላ ዋስ ፍለጋ ይወጣል። ደግሞ እሱ ብቻ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ ሾፌር ነው፤ የባለቤቴ የአጎት ልጅ ዕቃ ግምጃ ቤት ነው የሚሠራው። የእኔ መልቀቂያ ደብዳቤ በገባ ማግስት በከተማው አንድ ካዝና፣ አንድ መጋዘንና አንድ አይሱዙ ያለ ዋስ ያድራሉ።

በመጨረሻ ማንንም ሳላስፈርም የምሄድበት መንገድ አገኘሁ፤ የዓመት ፈቃድ። አዋጁ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ይሰጣል፤ በየሁለት ዓመቱም አንድ ቀን ይጨምራል። እኔ ደግሞ ብዙ የጨመርኩ ሰው ነኝ። ያንኑ ማምረቻ ባለቤት ለመንኩና ገባሁ። ባንክ ውስጥ «እርስዎ» ሲሉኝ የነበሩት ጋሽዬ በሩ ላይ «አንተ» አሉኝ። የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ረዳት ደግሞ «ፋዘር፣ ያችን ጫፍ ያዛት» አለኝ። ያዝኳት። ሰጋቱራ ጠረግኩ፣ ኮላ ቀባሁ፣ ወገቤን በሌላ ሰው ወገብ መለወጥ አማረኝ። ያም ሆኖ መላጊያው ጠመዝማዛውን ፍቅፋቂ እየለቀቀ ሲሄድ ደስ ማለቱ አልቀረም።

ያልጠበቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ጋሽዬ መጋዝ ከሚይዙበት ይልቅ ስልክ የሚይዙበት ሰዓት ይበዛል። ደንበኛው ቀብድ ሰጥቶ አልጋውን ይወስድና ለቀሪው ስልኩን ያጠፋል። አንድ ቀን ሲቸገሩ አይቼ ስልኩን ተቀበልኳቸውና በለመድኩት በባንክ ድምፅ ተናገርኩ። ማታውን ገንዘቡ ገባ። በማግስቱ የተበዳሪዎች ደብተር ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፤ አዎ፣ ጠረጴዛም ተሰጥቶኛል። መላጊያውን ረዳቱ ወሰደው። ብድር ከማስመለስ ሸሽቼ ሄጄ እዚያም ብድር አስመላሽ ሆኜ አረፍኩት። ይህን ደግሞ የትኛውም የገበያ ጥናት አይነግረኝም ነበር፤ ሥራ ከደጅ የሚታየው መልኩ ብቻ ነው፣ ጓዳው የሚታወቀው ሲጠርጉት ነው።

ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ጋሽዬ ጠሩኝ። «ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ና። ግማሹን ጊዜ ትሰበስባለህ፣ ግማሹን ትልጋለህ። የሚደርስህን እንነጋገራለን።» አልከራከርኳቸውም፤ ግማሽ አናጢነትም አናጢነት ነው። «አንድ ነገር ብቻ» አሉ፣ «ገንዘብ የሚነካ ሰው ነህና ዋስ አምጣ።»

ወደ አክስቴ ልጅ ሮጥኩ። ቋሚ ሥራ ያለው፣ በእኔ ዋስትና የቆመ ሰው ነው፤ ከእሱ የተሻለ ማን አለ? ነገሩን በጥሞና ሰማ፣ አንገቱን ነቀነቀ፣ ማኪያቶዬንም ከፈለ።

«ወንድሜ» አለኝ፣ «አንተን እምቢ ማለት ይከብደኛል። ግን ሥራ ልልቀቅ እያለ ለሚያስብ ሰው እንዴት ብዬ ዋስ ልሁን?»