ሞተሩ አፍ ውስጥ ያለ መኪና

በአዲስ አበባ ውድ አሻንጉሊት የምትኖረው ቡፌ ላይ ነው። ከውጭ ዘመድ ያመጣት ባለ ወርቃማ ፀጉር አሻንጉሊት፣ ከነመጠቅለያ ላስቲኳ፣ ከሠርጉ ፎቶግራፍና ከእንግዳ ብርጭቆዎች ጎን ተቀምጣ ቤቱን ትጠብቃለች። የመጣችው ለልጅቱ ነው፤ ከፍ ያለ ቦታ የተሰጣት ደግሞ ልጅቱ እንዳትነካት ነው። እንግዳ ሲመጣ ትወርዳለች፣ ሆዷን ይጫኗታል፣ በእንግሊዝኛ እንደምትወደን ትነግረንና ወደ ቦታዋ ትመለሳለች። ይህን ልማድ ስስት የሚሉት አሉ። እኔ ግን እናቶቻችን ሳይናገሩት የደረሱበት እውቀት አለ ባይ ነኝ፤ እንዲህ ያለችው አሻንጉሊት ልጅ አያስፈልጋትም። ዓይኗን ራሷ ትገልጣለች፣ ራሷ ትስቃለች፣ ራሷ ትዘፍናለች። ለልጅቱ የተረፈላት ሥራ መመልከት ብቻ ነው፤ ለመመልከት ደግሞ ቡፌው ይበቃል።

ከቡፌው ሦስት ፎቅ ዝቅ ሲባል ነገሩ ይለወጣል። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥም ይሁን ሳሪስ ጀርባ ባሉት የኮብልስቶን መንገዶች፣ ለቡም ይሁን ሀና ማርያም፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ የሽቦ መኪና ይነዳል፣ የካልሲ ኳስ ይለጋል፣ በካርቶን ቤት ይቀለሳል፣ በቆርኪ ድስት የአፈር ወጥ ይወጠወጣል። እዚህ ላይ የምከራከረው አንድ ነገር ነው፤ ልጅን የሚያጫውተው ከመጫወቻው የጎደለው ነገር ነው። አሁን አሁን «በእጅ የተሠራ»፣ «ለአካባቢ ተስማሚ» የሚል ካርድ የተንጠለጠለባቸው የእንጨትና የጨርቅ መጫወቻዎች በየባዛሩ ይታያሉ። እንጨቱ የተፈጥሮ ነው፣ ቀለሙ አይመርዝም፣ እሰየው። ግን በእጅ የተሠራ ሲባል በማን እጅ? ልጅ ራሱ ሲሠራው ግማሹ ጨዋታ መሥራቱ ላይ ነው ያለው። ከባዛር ገዝተን ስናመጣለት ያንን ግማሽ ሌላ ሰው ተጫውቶት ጨርሷል ማለት ነው፤ ያውም ከፍለነው።

የሽቦ መኪናን ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ሻንሲው ወፍራም ሽቦ ነው፤ መገጣጠሚያው በቀጭን ሽቦ ተጠምጥሞ ይታሰራል። ከፊት እግሩ የተነሣ ረጅም ዘንግ እስከ ሹፌሩ ደረት ይደርስና ጫፉ ላይ ክብ መሪ ይሆናል። መሪው ሲዞር የፊት ጎማዎቹ በእውነት ይዞራሉ፤ ይህን ያለ ንድፍና ያለ መምህር የሠራ የስምንት ዓመት ልጅ መካኒክስ አጥንቷል ብል አላጋነንኩም። ሽቦው ፌሮ ከሚታሰርበት የተረፈ ነው፤ ግንባታ በማያልቅባት ከተማ ጥሬ ዕቃው አያልቅም። ጎማው ከተጣለ ሸበጥ በክቡ ይቆረጣል፣ ወይም ቆርኪ ይሆናል። ንፋስ ስልክ ደግሞ የሞሐ ለስላሳ መጠጦች ፋብሪካ ያለበት ሰፈር ስለሆነ ጎማው የአካባቢ ምርት ነው ማለት ይቻላል። ለስላሳው በላስቲክ ጠርሙስ መሸጥ ሲጀምር በዘርፉ የቆርኪ እጥረት ያሰጋ ነበር፤ ኢንዱስትሪው ግን ቶሎ ተላመደ። የሃይላንድ ጠርሙሱ እንዳለ ቦዲ ሆነ፣ አራት ክዳኖች ጎማ ሆኑ፣ ሞዴሉ ተቀየረ። ሞተሩ ሁልጊዜም አንድ ነው፤ የሹፌሩ አፍ ውስጥ ይገኛል። ማርሽ የሚቀየረው፣ ክላክስ የሚነፋው፣ ዳገት ላይ የሚያቃስተው በዚያው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ሲከለክል አስመጪዎች ብዙ ተጨነቁ። የሽቦ መኪና ባለንብረቶችን ግን ማንም አልነካቸውም፤ የእነሱ ነዳጅ ዳቦ በሻይ ነው። አሁን ይህንኑ መኪና በባትሪ ከሚሄደው፣ ራሱ ከሚጮኸውና ራሱ ከሚያበራው ጋር አስተያዩት። ባትሪ ያለው መኪና ሥራውን ሁሉ ስለሠራ ልጁ ተሳፋሪ እንኳን አይደለም፤ መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ እግረኛ ነው።

እንግሊዛዊው ሳይመን ኒኮልሰን በ1971 እ.አ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ የተናገረው ከዚህ ብዙም አይርቅም። የሰው ልጅ የመፍጠር ዕድል የሚወሰነው በአካባቢው ሊያነሣቸው፣ ሊያዛውራቸውና ሊቀያይራቸው በሚችላቸው ልቅ ነገሮች ብዛትና ዓይነት ነው ይላል። ዲዛይነሮች ሁሉን ጨርሰው ሲያስረክቡ፣ በእሱ አባባል፣ ልጆችን ያታልላሉ፤ ደስ የሚለውን ክፍል ራሳቸው ወስደውታልና። የሚገርመው በዚያው ዓመት እዚህ አዲስ አበባ ሪቻርድ ፓንክረስት ስለ ገበጣና መሰል የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጨዋታዎች ጥናቱን ማሳተሙ ነው። ገበጣ ምን ይፈልጋል? መሬት ላይ የተቆፈሩ ጉድጓዶችና አንድ እፍኝ ጠጠር። ኒኮልሰን በንድፈ ሐሳብ የደረሰበትን እረኞቻችን በጠጠር ሲጫወቱት ኖረዋል፤ ጽሑፍ አላሳተሙም እንጂ። ሰሜን አሜሪካም ዘግይታ ወደዚሁ መጥታለች። ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ያለው ስትሮንግ ሙዚየም የመጫወቻዎች የክብር መዝገብ አለው። መዝገቡ በ2005 እ.አ.አ. ካርቶንን፣ በ2008 ዱላን፣ በ2011 ብርድ ልብስን፣ በ2021 ደግሞ አሸዋን ተቀብሏል። ምስኪን አሸዋ ከዱላ 13 ዓመት ዘግይቶ ገባ። በእኛ ሰፈር ግን ቤት የሚሠራ ሰው ደጁ አንድ መኪና አሸዋ ሲያስደፋ የመጀመሪያዎቹ ተረካቢዎች ልጆች ናቸው፤ ግንበኛው የሚደርሰው የተረፈው ነው።

መረጃ ለሚጠይቅ አንባቢም ጥቂት አለ። በአሜሪካ የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 36 ሕፃናትን አንድ ጊዜ አራት፣ ሌላ ጊዜ 16 መጫወቻ ባለበት ክፍል አጫወቷቸው። አራት ብቻ ሲሆን ሕፃናቱ በእያንዳንዱ ረዘም ላለ ጊዜ፣ በብዙ ዓይነት መንገድ ተጫወቱ። 16 ሲሆን ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘሉ ጊዜው አለቀ። አና ሶሳ የተባለች ሌላ አሜሪካዊት ተመራማሪ ደግሞ 26 ወላጆች ከሕፃናቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ ድምፃቸውን ቀርጻ፣ መብራትና ሙዚቃ ያለው መጫወቻ ሲሰጣቸው ወላጆቹ መጽሐፍ ከተሰጣቸው ጊዜ ይልቅ በጣም ጥቂት ቃላት እንደተናገሩ አሳየች። መጫወቻው ሲናገር ወላጅ ዝም ይላል ማለት ነው። ጥናቶቹ ትንንሽ ናቸው፣ የተደረጉትም በሌላ አገር ሕፃናት ላይ ነው፤ ዓለምን የሚገለብጡ አድርጌ አላቀርባቸውም። ነገር ግን ባትሪ እስኪያልቅ ድረስ አንዲት ዜማ ሺህ ጊዜ ሰምቶ የሚያውቅ ጎረቤት ሁሉ ውጤቱን ያለ ጥናት ያምናል።

አሁን ተቃውሞውን እንስማ፤ ጠንካራው መጀመሪያ ይምጣ። «ድህነትን ጌጥ አታድርገው፤ ልጁ በሽቦ የሚጫወተው ሌላ ስለሌለው ነው፤ ምርጫ ብትሰጠው በሪሞት የሚሄደውን ይወስዳል» ይሉኛል። ልክ ናቸው፣ ይወስዳል። ከሰነበተ በኋላ ግን በቢላ ጫፍ ፈልቅቆ ሞተሩን ያወጣል፣ እውነተኛው ጨዋታም ያኔ ይጀመራል፤ አባትም ያኔ ይጮኻል። ደግሞም ነገሩ የድሃ አገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ዴንማርክ ውስጥ ባልታየ። ካርል ቴዎዶር ሶረንሰን የተባለው የመናፈሻ ዲዛይነር፣ ልጆች እሱ ካሳመራቸው መጫወቻ ቦታዎች ይልቅ በግንባታ ፍርስራሽ መሐል ሲደሰቱ አየ። በ1943 እ.አ.አ. ኮፐንሃገን፣ ኤምድሩፕ ላይ በአሮጌ ጣውላ፣ ጡብና ጎማ የተሞላ የመጀመሪያው የኮተት መጫወቻ ሜዳ ተከፈተ። የዴንማርክ ልጆች አሻንጉሊት መግዣ አጥተው አይደለም ዛሬም በዚህ ዓይነት ሜዳ የሚጫወቱት። ከተቃውሞው የምቀበለው አንድ ትልቅ ነገር ግን አለ፤ ድህነት ከልጅ የሚወስደው ጊዜን ነው። የሊስትሮ ሣጥን ይዞ ለሚውል ልጅ የሽቦ መኪናን ውበት መስበክ ነውር ነው። እሱ የሚያስፈልገው ትርፍ ሰዓት ነው፤ ሽቦውን ራሱ ያገኘዋል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የጥንቃቄ ነው። ሽቦ ይወጋል፣ ቆርኪ ይቆርጣል፣ ጠጠር ይዋጣል። እውነት ነው፤ ዕድሜው ከሦስት ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ብይም ቆርኪም አይሰጥም፣ የሽቦም ጫፍ መታጠፍ አለበት። ነገር ግን ከፋብሪካ የመጣው ሁሉ ደኅና ነው ያለው ማን ነው? በሚዘምሩና በሚያበሩ መጫወቻዎች ውስጥ የምትገኘው ቁልፍ የምታህል ክብ ባትሪ ከተዋጠች በሁለት ሰዓት ውስጥ ጉሮሮን ልታቃጥል ትችላለች፤ ቆርኪ ይህን አያደርግም። ሽቦ የሚያስፈራው ወላጅ ደግሞ በዓል ሲደርስ ርችት ይገዛል። በልጥ የተገመደ የቡሄ ጅራፍ ከባድ ነው ብሎ የቀማው አባት፣ ልጁ እጅ ላይ የሚፈነዳ ነገር አስይዞ ነሐሴ 13ን ያከብራል።

በጣም ያሳቀኝ ግን ሦስተኛው ነው፤ የአካባቢ ጥበቃ ተቃውሞ። የካልሲ ኳስ አንጀቱ ፌስታል ነው፤ ታዲያ ምኑ ነው ለአካባቢ ተስማሚ? ጥያቄው የሕግም ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር በታች የሆነ ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ ፌስታሉ አዋጁን ሳያነብ ከተማውን ሞላው። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ጠንከር ብሎ በተጠቃሚው ላይም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ቅጣት ይዞ መጣ። እንግዲህ ኳስ ይዞ የተገኘ ግብ ጠባቂ በኳሱ ሆድ ውስጥ ስንት ፌስታል እንዳለ ቢጠየቅ ምን ይላል? የእኔ መልስ ይህ ነው፤ ኳስ ውስጥ የገባ ፌስታል በዚህች ከተማ ጡረታ የወጣ ብቸኛው ፌስታል ነው፤ ቦይ አይዘጋም፣ ከብት አይበላውም። ፌስታል ጨርሶ ከጠፋም የልብስ ሰፊዎች ቁራጭ ጨርቅ አለ። የፕላስቲክ ዋናው ችግር በሦስተኛው ቀን ተሰብሮ ወደ ገንዳ የሚሄደው፣ ሊጠገን የማይችለው ባለቀለም መኪና ነው። የሽቦ መኪና ሲበላሽ መልሶ ሽቦ ይሆናል፤ ነገ ደግሞ አውሮፕላን።

«ዘመኑ የታብሌት ነው፣ ሽቦ የት ያደርሳል?» ለሚል የ«ፀሐይ መማር ትወዳለች»ን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በቴሌቪዥን ያወቋት ቀጭኔ በእጅ የተሠራች አሻንጉሊት ነች። ሐሳቡን ከባለቤቷ ጋር የጀመረችው ብሩክታዊት ጥጋቡ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ነበረች፤ በ2010 እ.አ.አ. የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቷታል። አገሪቱ ካሏት ስመ ጥር የልጆች ፕሮግራሞች አንዱ የተነሣው ከጨርቅና ከመርፌ ነው።

ስለዚህ ክርክሩ የሚያርፈው መሬት ላይ ነው፤ ቃል በቃል። የኮንዶሚኒየሙ ግቢ ለመኪና ማቆሚያና ለልብስ ማስጫ ተከፋፍሎ አልቋል። ከኅዳር 2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በወር አንድ እሁድ ጎዳናዎች ለተሽከርካሪ ይዘጋሉ፤ ጥሩ ነው፣ ልጅነት ግን በወር አንድ ቀን አይከበርም። በኮሪደር ልማቱ የተሠሩት የልጆች መጫወቻዎችም ያምራሉ፤ ችግራቸው ሁሉም ነገር በሲሚንቶ የተቸነከረ መሆኑ ነው። ሸርተቴ ከላይ ወደ ታች ብቻ ነው የሚወስደው። ወረዳዎች ከእያንዳንዱ ሜዳ አንድ ጥግ፣ አንድ መኪና አሸዋ፣ ጥቂት ጣውላና አሮጌ ጎማ ቢተዉ ወጪው ከአንዷ ሸርተቴ ዋጋ አይበልጥም። በነገራችን ላይ ልጆቹ ለጥሬ ዕቃ ከባድ ተፎካካሪ አለባቸው፤ ቆርቆሮውን ቆራሌው ይገዛል፣ አሮጌ ልብሱን ልዋጭ ይወስዳል፣ የሃይላንድ ጠርሙሱን ለቅሞ የሚሸጥ አለ። ሁሉም እንጀራቸውን ነው የሚፈልጉት፣ አልወቅሳቸውም። ፍሪጅ ወይም ቴሌቪዥን የምትገዙ አንባቢዎች ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ካርቶኑን አንድ ሳምንት ለግቢው ልጆች አውሱ። ቆራሌው እንደሆነ በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል።