ፍቅር በቀጠሮ

ሁለት ልጅ ከወለድን ወዲህ ፍቅራችን በቀጠሮ ሆኗል፤ ቅዳሜ ማታ ከ12 ሰዓት እስከ 3። የምንኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ክትፎ ቤት ሞልቷል፤ ግን እዚያ ያየን ሁሉ «ልጆቹስ?» ይላል። ስለዚህ ማንም ወደማያውቀን የጃፓን ራመን ቤት ሸሸን።

ለፍቅረኞች ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። አርባ ደቂቃ በር ላይ ተሰለፍን። ልጅ ጠባቂዋ የምትከፈለው በሰዓት ስለሆነ እያንዳንዷ የብርድ ደቂቃ ውድ ናት። ከተቀመጡ በኋላ ደግሞ ኑድሉ ሳያብጥ ቶሎ መብላት ግድ ነውና ወሬ የለም። ለትዳር እንዴት ያለ በረከት ነው! ጃፓኖች ድምፅ እያሰሙ ቢምጉት ነውር የለውም። ልጆቻችንን «አፋችሁን ገጥማችሁ ብሉ» ስንል የኖርን እኛም ከጎረቤት ጠረጴዛ በላይ ማግን። አንዷ ኑድል አምልጣ መረቁን መነጽሬ ላይ ረጨችው፤ ለካ ፍቅር ዕውር ነው የሚባለው ይህ ነው። (ለሰዓታት የተቀቀለ የአሳማ አጥንት መረቅ የሆነውን ቶንኮትሱ አላዘዝንም። እናቴ አዲስ አበባ ሆና ትሰማለች።)

አፋችን ባዶ እንደሆነ ባለቤቴ የመጀመሪያውን የፍቅር ቃል ተናገረች፦ «ልጆቹ በልተው ይሆን?» ልጅ ጠባቂዋ ፎቶ ላከች። ልጆቹ ሞሞፉኩ አንዶ በ1958 እ.ኤ.አ. የፈለሰፈውን፣ በደቂቃዎች የሚደርሰውን ራመን እየማጉ ነው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ ተስማምተናል፤ እነሱ ራመን ቤት ይሄዳሉ፣ እኛ ቤት እንተኛለን።